ቅቤያችን በቆሻሻ ጋሪ የሄደበት ቅዳሜ

ሆሳዕና ውስጥ ፊቴን የማያውቅ ሰው ሞልቷል፤ ድምፄን የማያውቅ ግን ያለ አይመስለኝም። ሥራዬ ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ፣ ሜጋፎኑን በጎን አውጥቼ የቀበሌውን ማስታወቂያ ማንበብ ነው፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በሀዲይኛ። ክትባት ሲኖር እኔ ነኝ፣ ውሃ ሲጠፋ እኔ ነኝ፣ በሬ የጠፋበት ሰው ሲለምንም እኔው ነኝ። ገበያ ገብቼ «ሽንኩርት ስንት ነው?» ስል ሻጯ ቀና ትልና «ዛሬ ደግሞ ምን ሊቋረጥ ነው?» ትለኛለች። ሥራዬን ስወደው ለጉድ ነው። ሰው መንደር ሙሉ ሕዝብ ላይ ጮኾ ደመወዝ ሲከፈለው ምን ይጎድለዋል?

የዚያን ዓመት በጥር ወር ሁለት ማስታወቂያ ተከታትሎ መጣልኝ። አንዱ የቆሻሻ ነው። ማንኛውም ነዋሪ ቆሻሻውን በፌስታል ሳይሆን በሚበሰብስ ነገር ጠቅልሎ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ደጃፉ ላይ እንዲያስቀምጥ ይላል። ሌላው የፀሐይ ነው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ አትቁሙ፣ ራሳችሁን ሸፍኑ፣ ውሃ አዘውትራችሁ ጠጡ፣ ቅቤና ወተት የመሳሰለውን ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ ይላል። የሆሳዕና ሰው ስለ ብርድ ቢነገረው ይገባዋል። ስለ ሙቀት ሳነብለት ግን ለቆላ የተላከ ወረቀት ተሳስቶ እኛ ጋ የመጣ መሰለውና ሳቀብኝ። ሆኖም የዚያ ዓመት ፀሐይ የዋዛ አልነበረችም። የቆርቆሮ ጣሪያችን ከረፋድ ጀምሮ እንደ ቆሎ ይንጣጣ ነበር።

«በሚበሰብስ ነገር» ብለው የጻፉት ሰዎች ምን አስበው እንደነበር አላውቅም፤ ወረቀት ይሆናል። እኛ ጋ ግን የሚበሰብስ መጠቅለያ ከተባለ ያለው አንድ ነው፤ ኮባ፣ የእንሰት ቅጠል። ቆጮ የሚጠቀለለው በእሱ ነው፣ ቅቤ ገበያ የሚወጣው በእሱ ነው፣ ሥጋ ለዘመድ የሚላከው በእሱ ነው። የሰፈራችን ሴቶችም እጃቸው የለመደውን አደረጉ፤ ቆሻሻቸውን በኮባ ጠቀለሉ። እንደ ነገሩ እንዳይመስላችሁ። ቅጠሉን እሳት አስነክተው አለስልሰው፣ ጠርዙን አጥፈው፣ በቃጫ መስቀለኛ አስረው ነው። ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ውድድር ሆነ። እናቴ ቅዳሜ ጠዋት ደጃፍ ለደጃፍ እያየች «ይቺ ደግሞ አስተሳሰር አታውቅም፤ እናቷ ምን አስተማረቻት?» ማለት ጀመረች። ከመንገድ ለሚያየው ሰፈሩ በሙሉ ለአማች ስጦታ ያወጣ ይመስል ነበር። ውስጡ የሽንኩርት ልጣጭና አመድ ነው።

እናቴን ላስተዋውቃችሁ። ባሏ የሞተባት፣ ጎመን ቸርችራ ያሳደገችኝ፣ ኩራቷ ከቁመቷ የሚረዝም ሴት ናት። ላማችንን ከሸጥን ወዲህ ደህና ቅቤ ቤታችን የሚገባው በዊጆ ብቻ ነበር። ዊጆ የሴቶች የቅቤ ዕቁብ ነው፤ ሁሉም ያዋጣሉ፣ በየተራ አንዷ ትወስዳለች። ላም የሌላት እናቴ ድርሻዋን ከገበያ በትንሽ በትንሹ እየገዛች ታዋጣለች። ተራዋ ለፋሲካ ነበር። ለምና፣ አባብላ፣ አንዲት ጎረቤት አስቀይማ ወደ ጥር አመጣችው። በጥር እንግዳ ይመጣብናላ።

እንግዳዋ የእጮኛዬ እናት ነበረች። እጮኛዬ ዱራሜ ነርስ ነው። ሽማግሌ ልኮ አጎቶቼ እሺ ብለውታል፤ የቀረችው እናቱ ብቻ ናት። «ቤታቸውን ሳላይ፣ ልጅቷን ሳላይ አልመርቅም» አለች። ይሄ ደንብ ነው፤ ምንም አይደለም። የከፋው ያከለችበት ነው። «በየመንገዱ በድምፅ ማጉያ የምትጮህ ሴት እንዴት አድርጋ ቤት ትይዛለች?» ብላለች። እጮኛዬ ይህን ሊደብቀኝ ሞክሮ ነበር፤ ምንም ነገር መደበቅ የማይችል ሰው ነው፣ የወደድኩትም ለዚሁ ነው። ካልመረቀች አገባዋለሁ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አላገባውም። በእናት ኩርፊያ የተገባበት ትዳር ምን እንደሚሆን በሰፈሬ አይቻለሁ። ስለዚህ የዚያ ቅዳሜ ነገር ለእኔ ቀልድ አልነበረም። እናቴ በቅቤ ልትረታት፣ እኔ ደግሞ ከእሷ ፊት በለሆሳስ ላወራ ተስማምተናል። በለሆሳስ ማውራት ተለማመድኩ። እናቴ ሰምታኝ «አሞሻል?» አለችኝ።

ልትሠራላት ያሰበችው አተካና ነበር፤ ቡላ በቅቤ፣ በወተትና በአይብ የሚሠራበት የክብር እንግዳ ምግብ። አተካና በዘይት አይሠራም። ቢሠራም አተካና አይባልም፤ ውርደት ነው የሚባለው።

ቅቤው ዓርብ ማታ መጣ። የልጅ ራስ ያክላል፣ በድርብ ኮባ ተጠቅልሏል። ቤታችን ሙቀቱን ይዞ ስላደረ ሌሊቱን ላላ። እናቴ ጎህ ሲቀድ ተነሣችና፣ እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስለለፈለፍኩለት ነፋስ ያለው ጥላ አስባ፣ የጥር ብርድ ሳያልፍ ይጠጥርልኝ ብላ በራሷ እጅ እንደገና አጥብቃ አስራ ደጃፋችን ላይ ካለው ድንጋይ አስቀመጠችው። አጥሩ ያጠላበታል፣ ነፋሱም ያገኘዋል። አጠገቡ የሳምንቱን ቆሻሻ አኖረች፤ እሱም በኮባ፣ እሱም በዚያው አስተሳሰር። የቆሻሻ ጋሪው በሁለት ሰዓት ይመጣል እየተባለ እኩለ ቀን ሳይሆን መጥቶ አያውቅም። እናቴ ይህን ታውቃለች፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ሰዓቱን በሜጋፎን የማነበው እኔም አውቃለሁ። እኔ ወደ ሥራዬ ሄድኩ፤ እሷ አይብና ወተት ልትገዛ ገበያ ወረደች። የዚያን ቀን ጋሪው በሰዓቱ መጣ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል እኔና የባጃጁ ሹፌር የፀሐዩን ማስታወቂያ እያነበብን ወደ ሰፈራችን ታጠፍን። እያነበብን የምለው ሹፌሩም አብሮኝ ስለሚል ነው፤ ጎልማሳ ጎረቤታችን ነው፣ ከእኔ ጋር ሲዞር ከርሞ ሁሉንም በቃሉ ይዞታል። እናቴ መሐል መንገድ ላይ እጇን ዘርግታ ቆማለች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ የለም። ሰው የሞተ መሰለኝ።

«ቅቤው ሄደ» አለች።

«የት ሄደ?»

«ከቆሻሻው ጋር።»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋና «ኢና ሊላሂ» አለ፣ ሰው ሲሞት የሚባለውን። ከልቡ ነው፤ አልቀለደም።

እኔን ግን፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅ አፈነኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል እሰማ ነበር፤ በእናቴ ደረሰ። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። «ሳቂ» አለች፤ «አማትሽ መጥታ ቡላ በዘይት ስትበላም እንዲሁ ሳቂ።» ሳቄ ወዲያው ተወኝ። የምትመጣው ለምሳ ነው፤ ምሳ ደግሞ ሩቅ አልነበረም።

እናቴን አሳፍረን ጋሪውን ፍለጋ በረርን። አንዱ ወደ ላይ ሄደ ይላል፣ ሌላው ወደ ታች። ዋናው መንገድ ጋ ስንደርስ ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰና «መሬቱን እዩልኝ እስቲ» አለ። አስፋልቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ነጠብጣብ ተሰልፏል። ትንሽ አለፍ ብሎ አንድ ውሻ አስፋልት ይልሳል። ከእሱ አለፍ ብሎ ሁለት። ፀሐይዋ ቅቤያችንን ቀስ በቀስ እያቀለጠች መንገዱን ሁሉ እያሳየችን ነበር። «አልሐምዱሊላህ» አለ ሹፌሩ። እናቴ ደግሞ እያንዳንዱን ጠብታ ባለፍን ቁጥር አሞራ ልጇን እንደነጠቃት ዶሮ ድምፅ ታሰማለች። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወትፌ ነበር፤ እንዳልስቅ።

ጠብታው መናኸሪያው በር አደረሰን። ጋሪው ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ አህያዋ ተፈትታ በአጥሩ ጥላ ሥር ናት፣ ቆሻሻ ሰብሳቢዋ ሴትና ጓደኛዋ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ሻይ ይጠጣሉ።

«ምነው እዚህ ገተራችሁት?» አልኳት፤ እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ፣ ስደነግጥ እቆጣለሁ።

«ከአምስት ሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ አትቁሙ ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ። ከተማው በሙሉ ያላከበረውን ማስታወቂያ ያከበሩት እነሱ ብቻ ናቸው፤ እሱንም ቅቤያችን ላይ።

ጋሪውን ቀና ብዬ አየሁት። ኮባ በኮባ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ፣ ሁሉም በመስቀለኛ የታሰረ፣ ሁሉም እንደ ሙሽራ የተሽሞነሞነ። የጋሪው ወለል በሙሉ በቅቤ ርሷል፤ ከየትኛው እንደሚንጠባጠብ አይታወቅም። እናቴ «አስተሳሰሬን አላጣውም» ብላ ወጣችና አንዱን ፈታች። አመድ። «ይሄ ነው እንጂ» ብላ ሌላውን ፈታች። የጎመን አንጓ፣ የእኛው ቤት ጎመን። ቆሻሻዋንም እንደ ቅቤ አሳምራ ስላሰረች የራሷን ከራሷ መለየት አቃታት። ሌላ ፈታን፣ በኮባው ውስጥ የተደበቀ ፌስታል ወጣ። ሌላም ፈታን፣ እሱም ውስጥ ፌስታል። ስኳር አለብኝ ብላ ሻይ እንኳ መራራ የምትጠጣው ጎረቤታችን የከረሜላ ወረቀት ጠቅልላ ጥላለች። እናቴ መልሳ አሰረችው፤ በደንብ አድርጋ፣ ከበፊቱ አሳምራ።

የመናኸሪያ ሰው ደግሞ መርዳት ይወዳል። ቅቤ ጠፋ ሲባል ተሸካሚው፣ ትኬት አሻሻጩ፣ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ከበበን። አንዱ ጥቅል አንሥቶ ሊፈታ ወደ ጥላ ይሄዳል፣ ሌላው አሽትቶ ለጓደኛው ያቀብላል፣ ሦስተኛው «ይሄኛው ይከብዳል» ብሎ አውቶቡሱ ጀርባ ይዞት ዞረ። ዓይናችን እያየ ጋሪው ባዶ ሊሆን ነው። እጄ ወደ ሜጋፎኑ ሄደ።

«እንዳታደርጊው» አለች እናቴ። «ዛሬ እንኳን ድምፅሽ አይሰማ። ሴትዮዋ ልትመጣ ነው።»

ሁለቱን በልቤ መዘንኩ። ብጮህ ሴትዮዋ ያለችው እውነት ይሆናል፤ ባልጮህ እናቴ ባዶ እጇን ትቀበላታለች። የእናቴን ፊት አየሁ፤ ላቡና አመዱ ተቀላቅሏል። በቃ፤ ሜጋፎኑን አነሣሁት።

«ማስታወቂያ። ለተከበራችሁ የመናኸሪያ ተገልጋዮች በሙሉ። በኮባ የተጠቀለለ ቆሻሻ ይዛችሁ የምትንቀሳቀሱ ወገኖች፣ የያዛችሁት ቆሻሻ ቅቤ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳትፈቱ ወደ ጋሪው እንድትመልሱ በትሕትና እናሳስባለን።» ከዚያ በሀዲይኛ ደገምኩት። ልማድ ሆኖብኝ ራሳችሁን ከፀሐይ ሸፍኑ፣ ውሃም ጠጡ ብዬ ጨረስኩ። መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። ግን ጥቅሎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ።

በዚህ መሐል ከአንድ አውቶቡስ የወረደች፣ ንጹሕ የአገር ልብስ የለበሰች፣ በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት ሰዉን ከፍላ መጣች። «የምን ቅቤ ነው?» አለች።

«የዊጆ» አለች እናቴ ቀና ሳትል።

ሴትየዋ «የዊጆ?» ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ሴት የሆነች ሁሉ የዊጆ ተራ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችም። እጅጌዋን ሰብስባ ጋሪው ላይ ጎንበስ አለችና መፍታት ጀመረች። እናቴ ደግሞ ደግ ሰው ስታገኝ ሆዷን የምትዘረግፍ ሴት ናት።

«ምን ልበልሽ እኅቴ» አለቻት፤ «ዛሬ አማች ሊመጣብኝ ነው። ዱራሜ ያለች አንዲት ኩሩ ሴት አለች። ልጄን ሳታያት ትጮኻለች ብላ ናቀችብኝ። እኔ በአተካና አፏን ላስይዛት ነበር።»

«ትጮኻለች አለች?» አለች ሴትየዋ፣ እየፈታች።

«አለች። ድምፅ የእግዚአብሔር ስጦታ አይደለም? ይቺ ልጅ ባትጮህ ስንት ሕፃን ሳይከተብ ይቀር ነበር?»

«እንዲህ ያለችዋ ሴት አትቻልም» አለች ሴትየዋ። «አውቃታለሁ፤ አፏ ይቀድማታል።»

እኔ በዚህ ጊዜ ከሰዉ ኋላ አንድ የማውቀው ፊት አየሁ። እጮኛዬ ነው። ከሀደሮ የመጣ ዝንጅብል በማዳበሪያ ተሸክሟል። ለምሳ ይደርሳሉ ብለን ስንጠብቅ በቀደመው አውቶቡስ መጥተዋል። አንዴ እናቴን አየ፣ አንዴ ሴትየዋን አየ። ሁለቱም እስከ ክርናቸው አንድ የቆሻሻ ጋሪ ውስጥ ናቸው።

«እማዬ?» አለ።

ሴትየዋ «አቤት» አለች።

እናቴ እንደ ጨው ዓምድ ደርቃ ቀረች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለውን በፊቷ ላይ አነበብኩት። እኔም ሜጋፎኑን ከኋላዬ ደበቅሁ፤ ያልሰማ ሰው የቀረ ይመስል። «እርስዎ ነዎት እንዴ…» ብላ ጀመረች እናቴ።

«ቅድም እኅቴ ስትይኝ ነበር እኮ» አለቻት ሴትየዋ። እጇን ከጋሪው ሥር አወጣች። የላላ ኮባ ይዛለች፤ ውስጡ ከዚያ ሁሉ ቅቤ የቀረ ጭብጥ የምታክል ነጭ ነገር። «ይኸው» አለች።

እናቴ ልታለቅስ ደረሰች። «ለመብል አይሆንም» አለች።

«ለመብል አይሆንም» አለች ሴትየዋም። ከሻይ ቤቱ ውሃ አስመጥታ እጇን ታጠበች። ከዚያ ቅጠሉ ያልነካውን መሐሉን በጣቷ ቆርሳ የእናቴን አናት ቀባቻት። «ልጅሽ ራሳችሁን ከፀሐይ ሸፍኑ ስትል ከአውቶቡስ ውስጥ ሰማሁ፤ አንቺ ግን ራስሽን ሳትሸፍኚ ቆመሻል» አለቻት። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። ጎንበስ አልኩላት። ቅቤው ለብ ብሎ ፀጉሬ ውስጥ ገባ። እኛ ጋ የሰው አናት ላይ ቅቤ የምታደርግ እናት መረቀች ማለት ነው፤ ይህን እዚያ የቆመው ተሸካሚም አሻሻጭም ያውቃል፣ አንዱም አልሳቀም። እኔ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው።

«ያንን ነገር አምጪው» አለችኝ፤ ከኋላዬ የደበቅሁትን። ልትቀማኝ ነው ብዬ ሰጠኋት። ገልብጣ ያዘችው፤ አቃናሁላት። አፏ ላይ አስጠግታ በአገሯ ቋንቋ፣ በከምባትኛ መናገር ጀመረች። ወይ ጉድ፣ ምን ዓይነት ድምፅ ነው? የእኔ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ሹክሹክታ ነው። አህያዋ ጆሮዋን አቆመች። ዱራሜ የሚሄደው አውቶቡስ ተሳፋሪ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እልል አለ፣ ሹፌሩ ጥሩንባውን ለቀቀው፣ የእኔው ባጃጅ ሹፌርም ተከተለው። እጮኛዬ ማዳበሪያውን አውርዶ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ በጆሮዬ ተረጎመልኝ።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ፣ ቅቤው በጆሮዋ ሥር እየወረደ።

«የጠፋው ቅቤ ተገኝቷል አለች።»

«ሌላስ? ብዙ አወራች እኮ።»

«ምራቴም ተገኝታለች አለች።»

እናቴ እጇ የሰፈሩን ቆሻሻ ሁሉ ስለነካ በክርኗ ብቻ አቀፈችኝ። ምሳ በዘይት በላን።